ሰጎኑ በተመታ ቁጥር

ጋሼን የማያውቅ ሰው እኛ ስናማቸው ቢሰማ ክፉ ሰው ይመስሉታል። ክፉ አይደሉም። የታመመ ይጠይቃሉ፣ የቸገረው ሲያዩ ዞር አይሉም፣ የሰው ስም በክፉ አያነሱም። ችግራቸው አንድ ነው፤ ያዩትን ስህተት ሳያርሙ ማለፍ አይችሉም።

ካምፓላ፣ ካንሳንጋ በሚባለው ሰፈር፣ የምንኖርበት ሕንፃ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ከታች እኔ፣ ባለቤቴና የስምንት ዓመት ልጃችን አለን። ጋሼ ከላይ፣ በስተኋላ በኩል፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሚስታቸው አዲስ አበባ ናቸው፣ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። በሙያቸው መሐንዲስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላ ሰው የሠራውን ሕንፃ እየዞሩ ጉድለቱን ሲፈልጉ ኖረው፣ አሁን ሥራው ቀነስ ሲልላቸው ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ።

ጠዋት ጠዋት ግቢውን እየዞሩ ይንሸራሸራሉ። እኔ መኪናዬን ሳስነሳ መጥተው መስታወቱን በጣታቸው ነካ ነካ ያደርጋሉ። መስታወቱን ዝቅ ሳደርግ ጉሮሮአቸውን ይጠርጋሉ።

"ይቅርታ አድርጊልኝና እህቴ፣ ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ነው የምትለቂው።"

በሩ ላይ ሱቅ ያላትን ኤርትራዊት ጎረቤታችንን ቲማቲም አደራደሯ ልክ እንዳልሆነ ነግረዋታል። የጠሩት ቦዳ፣ የሞተር ታክሲው፣ ሲመጣ ሞተሩ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሾፌሩን ስለ ሄልሜቱ ማሰሪያ ያስተምሩታል። አንድ ቀን ደግሞ ለዘበኛችን ሚስት ማቶኬ፣ ያ የሚቀቀለው አረንጓዴ ሙዝ፣ በሙዝ ቅጠል እንዴት እንደሚጠቀለል ሲያስረዷት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሴትዮዋ ማቶኬ ሲቀቀል እያየች ያደገች የቡጋንዳ ልጅ ናት። እስኪጨርሱ ድረስ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችና "ዌባሌ ሴቦ" ብላ አመሰገነቻቸው። ዞር ሲሉ ወደ እኔ ያየችውን አስተያየት ግን በየትኛውም ቋንቋ መተርጎም አያስፈልግም ነበር።

እኔም "እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ነው የምላቸው። ታላቅ ሰው ናቸው፣ ምን እላለሁ? ከበሩ የምወጣው ግን ጥርሴን ነክሼ ነው። አንዳንድ ቀን ኢንዱስትሪያል ኤሪያ እስክደርስ ድረስ በሐሳቤ ስመልስላቸው እሄዳለሁ። እዚያ በአንድ መጋዘን ውስጥ የገቢ ዕቃ ሰነድ እሠራለሁ።

አብራኝ የምትሠራ ኡጋንዳዊት ጓደኛ አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስንወጣ "ዛሬ ፊልም አሳይሻለሁ" ብላ ከሜንጎ ኮረብታ ሥር ወዳለ የቆርቆሮ ቤት ወሰደችኝ። ውስጡ ጨለማ ነው። ሰው በረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ከፊት ቴሌቪዥን አለ፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ የያዘ አንድ ሰውዬ ቆሟል። ፊልሙ የየት አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰውዬው ግን ከላዩ ላይ በሉጋንዳ ይተረጉመዋል። መተርጎም ብቻ አይደለም፣ ከራሱ ይጨምርበታል። ጓደኛዬ በጆሮዬ እያንሾካሾከች እንደነገረችኝ፣ ዋናው ወንበዴ የካምፓላ አከራይ ሆኗል፤ ጀግናው የተቆጣው ደግሞ ሮሌክሱን፣ ያችን በቻፓቲ የተጠቀለለች እንቁላል፣ ሳይበላ ከቤት ስለወጣ ነው። ያ ወንበዴ በጥፊ ሲመታ ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ከጎኔ የነበሩ አንዲት እናት በደስታ ጭኔን መቱኝ። እኔ ከሉጋንዳው ይህ ነው የሚባል ነገር ሳይገባኝ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ቤት ገብቼ ሰውዬውን አስመስዬ ለልጄ አሳየኋት። ከዚያ ወዲያ እረፍት አልሰጠችኝም። "እማዬ፣ ለእኛም እንደሱ ተርጉሚልን!" ትላለች፣ ጠዋት ማታ።

በሰፈራችን ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን ሱቅ አለ። ከአባቷ ጋር ሄዳ አንድ ፍላሽ ሙሉ ካርቱን አስጭና መጣች። ከመካከላቸው አንዱ ምንም ንግግር የሌለበት ነበር፤ እሱን መረጠች። አንድ ድብ ቤት ይሠራል። አንድ አንገተ ረጅም ሰጎን ደግሞ ሥራውን ሊያይ ይመጣል። ድቡ ሚስማር ሲመታ የሰጎኑ አንገት በመስኮት ይገባል። ጣውላ ሲቆርጥ በጭስ ማውጫው ይወርዳል። በክንፉ እየጠቆመ ራሱን ይነቀንቃል። ድቡ ይታገሣል፣ ይታገሣል፣ በመጨረሻ እጁ የገባውን ያነሣና ይመታዋል። በመጥበሻ ፊቱን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ አንገቱን እንደ ገመድ ይቋጥረዋል፣ በሞላ አስፈንጥሮ ጨረቃ ላይ ይተክለዋል። የሰጎኑ ላባ ይረግፋል፣ ዓይኑ ይሽከረከራል፤ ከዚያ ራሱን አራግፎ ተመልሶ ይመጣል። ሲያልቅ ቤቱ እንዳለ በላያቸው ይደረመሳል።

በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ መኪና የምናቆምበት የቆርቆሮ ጥላ ሥር አንሶላ ወጠርን። ባለቤቴ ለሥልጠና የሚጠቀምበትን ፕሮጀክተር አመጣ። ባለ ሱቋ ለልደት የገዛችውን ማይክ ያለው ድምፅ ማጉያ አዋሰችን። የግቢው ልጆች፣ የእኛም የኤርትራውያኑም የዘበኛችንም፣ ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ወላጆች ለውዝ እየፈለፈሉ ከኋላ ቆሙ።

ስጀምር በሥርዓት ነበር። የድቡን ሐሳብ በአማርኛ፣ አልፎ አልፎ በእንግሊዝኛ፣ የማውቃትን ጥቂት ሉጋንዳ ጣል እያደረግሁ ተናገርኩ። ልጆቹ ፈገግ አሉ። ከዚያ የሰጎኑ አንገት በመስኮት ገባ። ሰጎኑን ምን እንደማናግረው አላሰብኩም ነበር። አፌን ስከፍት ግን ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ይቅርታ አድርግልኝና ወንድሜ" አለ ሰጎኑ በእኔ አፍ፣ "ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ሚስማሩን የያዝክበት እጅ ልክ አይደለም።"

ከዚያ ከኋላ የቆሙት ወላጆች ፈነዱ። ባለ ሱቋ ለውዟን በተነችው። የዘበኛችን ሚስት አማርኛ አትሰማም፣ ጉሮሮ መጥረጉን ግን አውቃዋለች፤ ፊቷን በነጠላ ጨርቋ ሸፍና ትንፈራፈራለች። መጥበሻው ሰጎኑ ፊት ላይ "ጓ!" ብሎ ሲያርፍ የተነሣው ጩኸት የእግር ኳስ ጎል የገባ ነበር የሚመስለው። እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ ማይኩን ይዤ ስለነበር ሳቄ ግቢውን ሞላው።

እራት ላይ ባለቤቴ "ዛሬ ሰው አስደበደብሽ" አለኝ።

"ሰጎን ነው።"

"ሰጎን ጉሮሮውን አይጠርግም።"

"አንተስ ወንበር ደግፈህ ስትስቅ አልነበር?"

"ስቄያለሁ። የምጠይቅሽም ለዚህ ነው" አለ። ባለቤቴ ዝንብ እንኳ በመስኮት የሚያስወጣ ሰው ነው። "ጋሼን ልመታቸው ቀርቶ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም። ታዲያ ያ መጥበሻ ሲያርፍ ምን አስደሰተኝ?"

ልጃችን ቀደመችኝ።

"ይነሣል እኮ!" አለች፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ። "ሰው ሲመታ ያለቅሳል። ሰጎኑ ግን ራሱን አራግፎ ይነሣል። ባይነሣ ኖሮ እኔም አልስቅም ነበር።" ትንሽ አኘከችና ደግሞ፣ "ግን ድቡ ለምን 'አይ፣ አመሰግናለሁ፣ ይበቃኛል' አይለውም? አፍ የለውም?"

"ድቡ እናትሽ ናት" አላት አባቷ። ሦስታችንም ሳቅን፤ ጥያቄው ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የሰጎኑ ቀን ሆነ። ካርቱኑ ያው ነው፣ ንግግሩ ግን በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ሰዎች ሳምንቱን ሙሉ ለሰጎኑ የሚሆን ነገር ያቀብሉኝ ጀመር። ባለ ሱቋ የቲማቲሙን ነገር አስገቢልኝ አለች፤ አስገባሁት፤ ሰጎኑ ስለ ቲማቲም ሲያወራ በጋሪ ተገጨ። ሁለተኛ ፎቅ ያለ አንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ መኪና አቋቋምህ ልክ አይደለም ተብሎ ነበር፤ ለእሱ ሲባል ሰጎኑ ጨረቃ ላይ ተተከለ። ጋሼ አንድም ቀን አልመጡም። አትምጡ ያላቸው የለም፣ ይምጡ ያላቸውም የለም።

አንድ ቅዳሜ ወንበር ስንሰበስብ ለባለ ሱቋ የባለቤቴን ጥያቄ ነገርኳት። ይህቺ ሴት ካምፓላ እስክትደርስ ድረስ ብዙ አገር አቋርጣለች፣ ስለ መንገዱ ግን እምብዛም አታወራም። ወንበሩን አስቀምጣ ትንሽ አሰበች።

"ሓፍተይ" አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው፣ "እኔ የእውነቱን ዱላ አይቼዋለሁ። የእውነቱ ዱላ ሲያርፍ የሚስቅ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነም አውቃለሁ። ይሄኛው ዱላ ማንንም አይሰብርም። እኔን ያሳርፈኛል።"

ነገሩን በዚያ ትዘጋዋለች ብዬ ስጠብቅ ወንበሩን መልሳ አነሣችና፣ "ቢሰሙ ግን ያፍራሉ። እሱ ነው የማይመቸኝ" አለች።

እኔንም አልተመቸኝም። ነገር ግን አንድ ያልጠበቅሁት ነገር መጥቶ ነበር። ሰኞ ጠዋት ጋሼ መስታወቴን ነካ ነካ ሲያደርጉ ጥርሴን መንከስ ትቻለሁ። ቅዳሜ መጥበሻውን ቀምሰዋላ! ፈገግ ብዬ እስኪጨርሱ እሰማቸዋለሁ። እሳቸውም ምክራቸው እየገባኝ መሰላቸውና ደስ አላቸው። ፍሪሲዮኑንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀስ ብዬ መልቀቅ ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ገና ማካፋት ሲጀምር፣ ካርቱኑ ሊጀመር ሲል፣ ጋሼ የራሳቸውን ፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ከደረጃው ብቅ አሉ። በትህትና ሁላችንንም ጎንበስ ብለው ሰላም አሉን፣ ከልጆቹ አጠገብ ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ባለቤቴ አየኝ። ባለ ሱቋ አየችኝ። ሌላ ካርቱን እንክፈት ልል አስቤ ነበር፣ ልጄ ግን የማስጀመሪያውን ቁልፍ ተጭናው ነበር።

ድቡ መጣ። ስለ ድቡ አወራሁ። ከዚያ የሰጎኑ አንገት በመስኮት ገባ። ማይኩን ይዤ ድርቅ አልኩ።

ልጆቹ አላመነቱም። ሁሉም፣ የዘበኛችን ልጆች ሳይቀሩ፣ በአንድነት ጉሮሮአቸውን ጠረጉና በጠራ አማርኛ ጮኹ፤ "ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል!"

"ጓ!" አለ መጥበሻው።

ልጆቹ ሳቁ። ከኋላ ማንም አልሳቀም። አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዷ የልጇን ኮፍያ ታስተካክላለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

"አቁሙት" አሉ ጋሼ።

ባለቤቴ አቆመው። ሰጎኑ የመጥበሻ ቅርጽ በያዘ ፊቱ አንሶላው ላይ ደርቆ ቀረ። ጋሼ ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይሄ ሰጎን እኔ ነኝ?"

"ጋሼ፣ ካርቱን እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አዎ ጋሼ" አለች ልጄ። ልታሞግሳቸው ነበር፤ ፊቷ ላይ ሌላ ነገር አልነበረም። "ከሁሉም የሚያስቀው እርስዎ ነዎት።"

ጋሼ ወደ እሷ ዞሩ። "ከድቡ የበለጠ?"

"ድቡማ ምን ያስቃል? ዝም ብሎ ይናደዳል።"

አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ "ከመጀመሪያው አድርጉልኝ" አሉ።

ያለ ምንም ንግግር፣ ያለ ሳቅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየነው። እንደዚያን ቀን የረዘመ ካርቱን በሕይወቴ አላየሁም። ሰጎኑ ሲመታ፣ ሲቋጠር፣ ሲፈናጠር እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ቤቱ ሲደረመስ ጋሼ ተነሥተው ወደ አንሶላው ሄዱ፤ ጥላቸው ፍርስራሹ ላይ ወደቀ።

"ማን ነው የሚተረጉመው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ትርጉሙ ልክ አይደለም" አሉ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሲያፍን ሰማሁ።

"እስቲ ወደ ኋላ መልሱት። እዚህ ጋ። አቁሙ። ሰጎኑ በክንፉ ምን ላይ ነው የሚጠቁመው?"

ሁላችንም አየን። ክንፉ የሚጠቁመው ወደ ቤቱ መሃል ምሰሶ ነበር። ጋሼ ሌላ ቦታ ላይ አስቆሙት፤ አሁንም ምሰሶው። በጭስ ማውጫው ሲወርድም፣ አንገቱ ተቋጥሮም፣ ጨረቃ ላይ ተተክሎም ወደ ታች የሚጠቁመው ያንኑ ምሰሶ ነው።

"ዘንብሏል" አሉ ጋሼ፣ እጃቸውን ምሰሶው ላይ አጋድመው። "ከመጀመሪያው ጀምሮ ዘንብሏል። ይሄ ወፍ ስለ ሚስማርና ስለ ቲማቲም አይደለም የሚያወራው። 'ቤትህ ሊወድቅ ነው' ነው የሚለው። ቤቱም ወደቀ።"

ያን ሁሉ ቅዳሜ አፍጥጠን ያየነውን ነገር ማናችንም አላየነውም ነበር። እኔ ንግግር ጨመርኩበት፣ ሌላው ሳቀበት፣ ምሰሶው ግን እዚያው ፊታችን ዘንብሎ ቆሞ ነበር። "እውነታቸውን ነው!" አለች ባለ ሱቋ፣ ጮክ ብላ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ተጠግቶ አየና ራሱን ያዘ።

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ሄጄ ማይኩን ሰጠኋቸው። "ይኸው ፈረሱ፣ ይኸው ሜዳው ጋሼ" አልኳቸው።

ማይኩን በመሐረባቸው ጠረጉት። ቀና አሉ። ከዚያ ያ ራሱ እውነተኛው፣ ማንም አስመስሎት የማያውቀው ጉሮሮ መጥረግ በድምፅ ማጉያው ወጣ። ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ ግቢው ተናወጠ።

"ወንድሜ ድብ" አሉ፣ "ምሰሶህ ዘንብሏል።"

"ጓ!"

"ወይኔ አፍንጫዬን!" አሉ ጋሼ፣ ሰው በእውነት የተመታ እስኪመስል። "አፍንጫዬን ብታጣምመው ምሰሶው ይቃናል?"

አንገቱ ሲቋጠር ድምፃቸውን አንቀው "በ... ስተ... ግራ... በኩል..." አሉ። ጨረቃ ላይ ሲተከል ማይኩን ከአፋቸው አራቁና ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው፣ "ከዚህ ሆኜ ሳየው እንዲያውም ይበልጥ ዘንብሏል!" ብለው ጮኹ። ያኔ ባለቤቴ ከወንበሩ ወደቀ። የዘበኛችን ሚስት ቁጭ ብላ መሬቱን ትደበድባለች። ልጆቹ ተነሥተው ቆመዋል፤ "ድቡ፣ ስማው! ስማው!" ይላሉ፣ ድቡ ሳይሰማ ሲቀርና ሰጎኑ ሲመታ ደግሞ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

መጥበሻው ያው መጥበሻ ነበር። አንዲት ምት አልቀነሰችም። ሳቃችን ግን ያው ሳቅ አልነበረም። ከዚያ ቀን በፊት ከድቡ ጋር ሆነን ነበር የምንመታው፤ ያን ቀን ከሰጎኑ ጋር ሆነን ተመታን፣ እሱም ይበልጥ ያስቃል። ለምን እንደሆነ ባለቤቴ ብዙ ሊያስረዳኝ ሞክሯል፤ እኔ የማውቀው ጎኔን እስከ ማግስቱ ድረስ እንዳመመኝ ነው።

ዝናቡ አባርቶ ሰው ሲበተን ወንበራቸውን እስከ ደረጃው ተሸከምኩላቸው።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ሳቃችሁን ከላይ እሰማ ነበር" አሉኝ። "ቃሉ አይሰማም፣ ሳቁ ብቻ። ምን አግኝተው ነው እያልኩ እቀና ነበር። ለካ እኔን አግኝታችሁ ነው።"

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ያቺ ከሁሉ የምትረዝመው ሳቅ የማን ናት?"

"የእኔ ናት" አልኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እሷን ነበር የምጠብቃት" አሉ። ወንበሩን ከእጄ ተቀበሉ፣ ሁለት ደረጃ ወጡና ዞር አሉ። "ለመጥበሻው ይቅር ብዬሻለሁ። ለትርጉሙ ግን..." ጣታቸውን አነሡብኝ፣ ሳይጨርሱት ወጡ።

ምክራቸውን ተዉ ብል እዋሻለሁ። የተለወጠው ሰው መመለስ መጀመሩ ነው። ባለ ሱቋ ናት የጀመረችው። አንድ ጠዋት ገና ጉሮሮአቸውን ሲጠርጉ "ጋሼ፣ ምሰሶ ነው ሚስማር?" ብላ ጠየቀቻቸው። ቆሙ፣ አሰቡ። "ሚስማር ነው" አሉና ስቀው አለፉ። አሁን ግቢው በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠይቃቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሚስማር ነው። አንድ ጊዜ ግን እኔን "ምሰሶ ነው" አሉኝ፤ የመኪናዬ ፍሬን ነበር፣ መካኒኩም እውነታቸውን እንደሆነ ነገረኝ።

የቅዳሜው ፕሮግራም ቀጥሏል፣ ማይኩ ግን የእኔ መሆኑ ቀርቷል። ልጄና ጋሼ ተሻርከዋል። እሳቸው ካርቱኑን አስቀድመው አይተው ያጠናሉ፣ እሷ ድምፅ ትሰጣለች። በቅርቡ ደግሞ አዲስ አመጡ። አንዲት ጉማሬ ዕቃ በዕቃ ላይ ተሸክማ ከተማ ውስጥ ትሮጣለች፤ ከኋላዋ ትንሽ ጉማሬ ልብሷን እየጎተተች ትከተላታለች። እኔ ለውዜን ይዤ ከኋላ ቆሜያለሁ።

ትንሿ ጉማሬ እናቷን ጎተተቻት።

"አንዴ ቆይ!" አለች ትልቋ ጉማሬ በልጄ ድምፅ። "አንዴ ቆይ፣ ይቺን ኢሜይል ልላካት!"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ከሳቀ በኋላ ነው ማን እንደሆነች የገባኝ። ልጄ በጎተተችኝ ቁጥር የምላት 'አንዴ ቆይ' ናት፤ 'ቆይ' ላይ ድምፄን የምጎትተው ሳይቀር ተይዟል። ጉማሬዋ ስልኳን እያየች ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተመች፤ ጋሼ በማይኩ "ዷ!" አሉ። "አንዴ ቆይ!" አለች ጉማሬዋ ለምሰሶው። ከዚያ ፌኔ የሚሉት ያ ግዙፍ እሾሃማ ፍሬ ከዛፍ ወርዶ ጭንቅላቷ ላይ ፈረጠ። የግቢው ሰው ሁሉ ጮኸ። ከሁሉም በላይ የባለቤቴ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ጆሮዬ ጋለ። መጀመሪያ የመጣልኝ ማስረዳት ነበር፤ ሥራ አለብኝ ልል፣ ያ ኢሜይል አስቸኳይ ነበር ልል፣ እናንተ የማታውቁት ብዙ ነገር አለ ልል። አፌንም ከፍቼ ነበር። ጉማሬዋ ግን ፌኔውን እንደ ባርኔጣ ደፍታ ተነሣች፣ ዓይኗ ላይ የተንጠባጠበውን ጠረገችና ስልኳን መልሳ ማየት ጀመረች። እንደዚያ ነኝ። ልክ እንደዚያ ነኝ። ሳቁ ከሆዴ ተነሥቶ ሲመጣ ልይዘው አልቻልኩም።

ልጄ ትርጉሙን አቁማ ወደ ኋላ አየችኝ። ማይኩን ከአፏ አላራቀችውም፣ ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

"እማዬ፣ ተቀየምሽ?"

"አልተቀየምኩም" አልኳት። "ፌኔውን ድገሚው።"

አባቷ ወደ ኋላ መለሰላት፣ ጉማሬዋም እንደገና እየሮጠች መጣች። ሁለተኛውም ትንሽ አመመኝ። ሁለተኛውም አሳቀኝ።